ማን አሳደደሽ? ከዳማ ጋር ተራራ ስለ መውጣት

(ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ለተሰበሰቡ የሐበሻ የእግር ተጓዦች ካደረግሁት ንግግር የተወሰደ ነው። በቃል ያልኩትን ትንሽ አስተካክዬ ጻፍኩት። ከአዳራሹ ከተነሱት ጥያቄዎችም ሁለቱን ትቻቸዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። ስለ ጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። ቡናው ሳይቀዘቅዝ ልጀምር።

መጀመሪያ ስለ አባቴ ላውራ። አባቴ ያደገው ደባርቅ አካባቢ ነው። ተራራ ለሱ መዝናኛ ሆኖ አያውቅም። ገበያ መሄጃ ነው፣ ከብት መጠበቂያ ነው። የዛሬ አራት ዓመት ሳሎን ላይ ድንኳን፣ የውሃ ማጣሪያና የውሻ ምግብ ዘርግቼ ሻንጣ ውስጥ ስጠቀጥቅ መጥቶ ቆሞ አየኝ። «የት ልትሄጂ ነው?» አለኝ። ተራራ ላይ ሁለት ቀን፣ አልኩት። «ምን ልታመጪ?» ምንም። «ማን ጋ?» ማንም ጋ፤ ከዳማ ጋር ብቻ። ትንሽ አሰበና፣ «ታዲያ ማን አሳደደሽ?» አለኝ።

ዳማ ውሻዬ ናት። መልኳን አይቼ ነው ስሙን ያወጣሁላት። በዚህም አባቴ አልተስማማም። ዳማ የፈረስ ስም ነው፣ ለውሻ አይሆንም ባይ ነው። እናቴ ደግሞ ስሙ ላይ ሳትደርስ ነው የተቃወመችው። ውሻ ቤት ውስጥ! ምንጣፍ ላይ!

አልፈርድባቸውም። እኛ የምናውቀው ውሻ የግቢ ውሻ ነው። ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይለቀቃል። ጅብ ሲመጣ ይጮኻል፣ ፍርፋሪ ይጣልለታል። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንላለን እንጂ ውሻ ሻንጣ አሸክሞ ተራራ መውጣት የሚባል ነገር አናውቅም። እኔም አላውቅም ነበር። የሌሊት ፈረቃ ነርስ ነኝ። ሰው ሁሉ ሥራ በሚሄድበት ሰዓት ቤት የምገባ ሰው ነበርኩ። ዳማን ከእንስሳት መጠለያ ያመጣኋት ቤቱ ውስጥ ሌላ እስትንፋስ እንዲኖር ብዬ ነው። ከዚያ ቀን ቀን መሄድ ጀመርን። ከሰፈር ወደ ወንዙ ዳር፣ ከወንዙ ዳር ወደ ተራራ። ስለዚህ ብዙውን ነገር ያወቅሁት ተሳስቼ ነው። ዛሬ የመጣሁትም በተለይ አንዱን ስሕተት ልነግራችሁ ነው።

መጀመሪያ መንገዱን ለማታውቁት። የአፓላቺያን ትሬይል ይባላል። ደቡብ ላይ ጆርጂያ ውስጥ ስፕሪንገር ከሚባል ተራራ ይነሳል። ሰሜን ላይ ሜን ውስጥ ካታዲን ተራራ ጫፍ ላይ ያበቃል። 14 ግዛት ያቋርጣል፤ ርዝመቱ 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐሳቡን ቤንተን ማካይ የሚባል ሰው በ1921 አመጣው፣ በ1937 ከጫፍ እስከ ጫፍ ተያያዘ። በፈረንጅ ነው የምቆጥረው። ከሁሉም ግዛት ረጅሙ ክፍል ያለው እዚሁ እኛ ጋ ቨርጂኒያ ነው፤ የመንገዱ ሩብ ያህል። ከዚህ አዳራሽ ከአንድ ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ትደርሱበታላችሁ፣ ትራፊኩ ከፈቀደ።

ምልክቱ ነጭ ቀለም ነው። ዛፍ ላይ፣ ድንጋይ ላይ፣ 5 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነች ነጭ ሰረዝ። እሷን እየተከተላችሁ ትሄዳላችሁ። ሁለት ሰረዝ አንዱ ከአንዱ በላይ ካያችሁ መንገዱ ሊታጠፍ ነው፣ ዓይናችሁን ክፈቱ።

ውሻ በአብዛኛው መንገድ ላይ ይፈቀዳል። የማይፈቀድባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ። አንዱ ግሬት ስሞኪ ማውንቴንስ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ሁለተኛው ካታዲን ያለበት ባክስተር ፓርክ ነው። ሦስተኛው ኒው ዮርክ፣ ቤር ማውንቴን ላይ ያለ የአራዊት ማቆያ ነው። አዎ፣ መንገዱ በአራዊት ማቆያ መሃል ያልፋል። ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢን አቋርጦ የሚያልፍ የእግር መንገድ አስቡ፣ እዚያ ላይ ውሻ ጨምሩበት። እኛ አቅራቢያ ያለው ሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ግን ለውሻ ደግ ነው። ብዙ ብሔራዊ ፓርኮች ውሻን ከእግር መንገድ ሲከለክሉ እሱ አብዛኛውን ክፍት አድርጎታል። ገመዱ ከ1.8 ሜትር እንዳይረዝም ብቻ። ብዙዎቻችሁ የወጣችሁት እዚያው ያለው ኦልድ ራግ ተራራ ግን ክልክል ነው። በእጅም በእግርም ተቧጥጣችሁ የወጣችሁበትን ድንጋይ አስታውሱ፤ ለምን እንደተከለከለ ይገባችኋል።

አሁን ወደ ስሕተቴ።

ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ሮለር ኮስተር የሚባል የመንገዱ ክፍል አለ። ስሙ ቀልድ አይደለም፤ መግቢያው ላይ ሰሌዳ ተተክሎ መንገደኛውን ያስጠነቅቃል። 13.5 ማይል ነው፣ ወደ 22 ኪሎ ሜትር። ሽቅብ፣ ቁልቁል፣ ሽቅብ፣ ቁልቁል። ኮረብታዎቹ ትልልቅ አይደሉም። ስሜንን ያየ ሰው ይስቅባቸዋል። ግን ሜዳ የሚባል የላቸውም፤ አንዱን ወርዳችሁ ሳትጨርሱ ሌላው ይጀምራል። መሬቱ ደግሞ ድንጋይ ነው፣ ከእግር ሥር የሚንከባለል ዓይነት።

ሐምሌ ነበር። አሽቢ ጋፕ በሚባል ቦታ፣ ሩት 50 አውራ መንገድ ዳር መኪናዬን አቆምኩ። እቅዴ ቀላል ነው። የመጀመሪያውን ቀን 17 ኪሎ ሜትር ሄጄ ሳም ሙር የሚባለው የመንገደኞች መጠለያ አድራለሁ። በነጋታው የቀረችውን 6 ኪሎ ሜትር ጨርሼ ሩት 7 ላይ እወጣለሁ። እዚያ ጓደኛዬ ትጠብቀኛለች። ሌሊቱን ሥራ ነበርኩ፣ ትንሽ ልተኛ ብዬ ዘገየሁ። ስንነሳ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሆኗል፣ በሐበሻ ሰዓት። የመጀመሪያው መጠለያ፣ ሮድ ሆሎው፣ ስንደርስ ቀትር ነው። ሙቀቱ 33 ዲግሪ። የቨርጂኒያን ሐምሌ ታውቁታላችሁ፤ አየሩ ራሱ ላብ አለው።

ሁለተኛውን ኮረብታ ወጣን። ሦስተኛው ላይ ዳማ ጥላ ፈልጋ ተኛች። ደህና፣ ትረፍ አልኩ። ትንሽ ቆይቼ «ዳማ፣ ነይ» አልኳት። ተነሳች፤ ጅራቷን ወዘወዘች፤ መጣች። አራተኛው ላይ እንደገና ተኛች። ጠራኋት፣ ተነሳች። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ በጠራኋት ቁጥር ተነስታለች።

የወንድሜን ልጅ ይዤ ብሄድ ኖሮ ገና ሁለተኛው ኮረብታ ላይ «አክስቴ፣ በቃኝ» ብሎ ቁጭ ይል ነበር። ያለቅሳል፣ ይሰድበኛል፣ እናቱ ጋ ይደውላል። እናንተን ይዤ ብሄድ አኩርፋችሁ ትመለሳላችሁ። ውሻ ይሄ ሁሉ የለውም። ከሄዳችሁ ይሄዳል። እኔ «ደህና ናት፣ ባትሆን ኖሮ አትነሳም ነበር» እያልኩ ነበር። ለካ የምትነሳው ደህና ስለሆነች ሳይሆን የጠራኋት እኔ ስለሆንኩ ነው።

አምስተኛው ላይ የኋላ እግሯ ተንገዳገደ። ያን ጊዜ በደንብ አየኋት። ምላሷ ጫፉ ሰፍቶ ማንኪያ መስሏል። ምራቋ ወፍሯል፣ እንደ ተልባ ይዝለገለጋል። ድዷ ደም መስሏል። ነርስ ነኝ እኮ! ይሄ ሁሉ ምልክት ሲጠራቀም ሁለት ሰዓት ሙሉ አጠገቤ ነበር፤ እኔ ግን የማየው ካርታውን ነበር።

ጭነቷን አወለቅሁላት። ትንሽ ወረድ ብሎ ወራጅ ውሃ ነበር፤ ግማሽ ጎትቼ ግማሽ ተሸክሜ አደረስኳት። ሆዷን፣ ብሽሽቷን፣ መዳፏን በውሃ አራስኩ፤ በባርኔጣዬ አራገብኩላት። ውሃ ጥቂት ጥቂት ሰጠኋት። እርጥብ ፎጣ ደርባችሁባት እንዳትተዉት፤ ፎጣው ይሞቅና ሙቀቱን መልሶ ያፍነዋል። ውሃ ማፍሰስና ማራገብ፣ ማፍሰስና ማራገብ ነው።

እዚያ እስኪመሽ ተቀመጥን። ጀምበር ስትጠልቅ ቀስ ብለን ወደ ኋላ ተመልሰን ሮድ ሆሎው አደርን። ሲነጋ መኪናዬ ጋ ደረስን። ሩት 7 ላይ የምትጠብቀኝ ጓደኛዬ ስልክ አልሠራልኝ ብሎ ሁለት ሰዓት ተጉላልታለች፤ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።

የእንስሳት ሐኪሟ ደሟን መርምራ ኩላሊቷ ደህና ነው አለችኝ። ከዚያ አስቀምጣ አስተማረችኝ። የውሻ ሙቀት በጤናው ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ነው። ከ41 ሲያልፍ የውስጥ አካል መጎዳት ይጀምራል። ውሻ እንደኛ ገላው ሁሉ አያልበውም፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው በዋናነት በማለክለክ ነው። ማለክለክ የሚሠራው ደግሞ ከምላሱ ላይ እርጥበት ሲተን ነው። አየሩ ራሱ በእርጥበት ከታጨቀ አይተንም። ስለዚህ የደረቅ አገር 33 ዲግሪና የቨርጂኒያ 33 ዲግሪ አንድ አይደሉም። እኔ «ካለከለከች እየቀዘቀዘች ነው» ብዬ ነበር የማስበው። እያለከለከች እየጋለች ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ለወጥኩ። እንድትነሳ አልጠራትም። ስትተኛ እኔም ሻንጣዬን አውርጄ እቀመጣለሁ። ራሷ ስትነሳ እንሄዳለን። ባትነሳ እዚያው እናድራለን፣ ወይም እንመለሳለን። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ደግሞ ረጅም መንገድ አልሄድም፤ ብሄድም ጎህ ሳይቀድ ነው። ጓደኞቼ «በዚህ ዓይነት ካታዲን መቼ ልትደርሺ ነው?» ይሉኛል። ካታዲን ውሻ አይገባም፣ ምን አስቸኮለኝ?

ዳማ 24 ኪሎ ትመዝናለች። ይሄን ቁጥር ከመነሳታችሁ በፊት አስቡበት። የሃያ ሊትር ጀሪካን ውሃ ተሸክማችሁ ዳገት ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? ከዚያ በላይ ነው፤ ጀሪካኑ ደግሞ ይንፈራገጣል። አሁን ለውሻ የሚሠራ ማዘያ ይሸጣል፤ ጨርቅ ነው፣ አራት የእግር ቀዳዳ አለው፣ ጀርባ ላይ ይታሰራል። ለእናቴ ሳሳያት «ይሄማ አንቀልባ ነው» አለች። ልክ ናት። ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ሁሌም ሻንጣዬ ሥር ነው።

የራሷን ጭነት ደግሞ አባቴ ነው ያስተካከለው። ለውሻ የሚሠራው ሻንጣ በግራና በቀኝ ኪስ አለው፤ እኔ በዓይን ግምት ነበር የምሞላው። አንድ ቀን አባቴ ዳማ ስትሄድ አየና «ይሄ አጋድሏል» አለ። አህያ የጫነ ሰው ያውቃል። ሁለቱን ኪስ በእጁ መዘነ፣ ከዚህ አወጣ፣ ወደዚያ ጨመረ። እውነትም አረማመዷ ተቃና። ክብደቱን በተመለከተ፣ ጠንካራ ውሻ እስከ ሰውነቱ ሩብ ሊሸከም ይችላል የሚሉ አሉ። እኔ ከአንድ አሥረኛ አልፌ አላውቅም። ለዳማ ሁለት ኪሎ ተኩል ቢሆን ነው፤ ምግቧና የሚታጠፍ ሳህኗ። ቡችላ ከሆነ ምንም አታሸክሙት፤ ዓመት ተኩል እስኪሆነው አጥንቱ ገና ነው።

ስለ መዳፍ አጭር ነገር። ምንጣፍ ላይ የኖረ መዳፍ ለስላሳ ነው። ሼናንዶዋ ውስጥ ብላክሮክ የሚባል የድንጋይ ክምር አለ፣ እዚያ የዳማ መዳፍ ተቀደደ። ለውሻ ጫማ አለ። መጀመሪያ ሳደርግላት ጭቃ እንደያዛት ዶሮ እግሯን እያነሳች እያራገፈች ቤቱን ዞረች፤ ቪዲዮው ስልኬ ላይ አለ፣ በኋላ አሳያችኋለሁ። ቤት ውስጥ አንድ ሳምንት ካለማመዳችኋት ትለምደዋለች።

ምግብ ላይ እኛ ሐበሾች ዕድለኞች ነን። ፈረንጆቹ በውድ የሚገዙትን የመንገድ ምግብ አያቶቻችን ጨርሰውታል። በሶ! የተቆላ ገብስ ዱቄት፣ ቀላል፣ የማይበላሽ፣ እሳት የማይፈልግ። ውሃና ማር ካለ ምሳ አለ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ። አንዴ መጠለያ ውስጥ ከጆርጂያ ተነስቶ ለሦስተኛ ወር የሚሄድ ልጅ በሶ አቀመስኩት፤ አድራሻችሁን ስጡኝ ሊለኝ ምንም አልቀረውም።

ለውሻ ግን ከኛ ሻንጣ መስጠት ላይ ጠንቀቅ በሉ። ዘቢብ የውሻ ኩላሊት ይገድላል፤ ቆሏችሁ ውስጥ ዘቢብ የምትቀላቅሉ አታካፍሉት። ቸኮላት እንደዚሁ። የለውዝ ቅቤ ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ፤ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ካለበት መርዝ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ሽንኩርት። ቀይም ነጭም ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። አዎ፣ ወጥ ማለት ሽንኩርት ነው፤ ውሾቻችንን ስንት ዘመን ምን ስናበላ እንደኖርን አስቡት። ይሄን ለእናቴ ስነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ ለውሻ ስታዝን አየኋት።

ድብ አለ፣ አዎ። ሼናንዶዋ ጥቁር ድብ ሞልቶታል። ሰው ሲያይ አብዛኛውን ጊዜ ይሸሻል። ችግሩ የተለቀቀ ውሻ ነው። ሮጦ ድቡን ያስቆጣዋል፣ ከዚያ ነፍሱን ለማዳን ወደ ማን ይሮጣል? ወደ እናንተ፤ ድቡን አስከትሎ። ገመዱ ለዚህ ነው። ማታ የውሻውንም ምግብ ከራሳችሁ ጋር ዛፍ ላይ ስቀሉ፤ ከመሬት 3 ሜትር፣ ከግንዱ ከ1 ሜትር በላይ ራቅ አድርጋችሁ። እናቴ «ውሻዋ ትጠብቅሻለች» ብላ ትጽናናለች። አይጥ ሻንጣዬ ላይ ሲሮጥ ዳማ ታንኮራፋለች። ይሄን ለእናቴ አልነገርኳትም፣ እናንተም እንዳትነግሩብኝ።

ማታ ማታ ውሻዋ ላይ መዥገር ፈልጉ፤ ጆሮ ውስጥ፣ ብብት ሥር፣ በጣቶቿ መሃል። ላይም የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈው እሷ ናት፣ ቶሎ ከተነቀለች ግን አብዛኛውን ጊዜ አትደርስም። የውሻዋን አይነምድር ከውሃ 60 ሜትር ርቃችሁ አንድ ስንዝር ቅበሩ። መጠለያ ስትደርሱ ደግሞ ሰው ካለ ጠይቁ። ውሻ የሚፈራ ይኖራል፤ እኛ ይሄን ለማወቅ ማንም አያስተምረንም። እኔ ሰው ካለ ድንኳኔን ነው የምተክለው።

እዚህ ላይ አንድ ወንድማችን እጁን አነሳ። «በሚቀጥለው ዓመት አገር ቤት እሄዳለሁ። ውሻዬን ይዤ ስሜን ብወጣስ?» አለ።

ይሄ ጥያቄ እንዲነሳ ስጠብቅ ነበር። አትውሰደው፣ ወንድሜ። ስሜን ላይ፣ ባሌ ላይ ቀይ ቀበሮ አለ። ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለም። ዓለም ላይ የቀረው ለአካለ መጠን የደረሰ ቀይ ቀበሮ ከ500 በታች ነው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። ፍልፈልና አይጥ እያደነ የሚኖር፣ ሰው የማይነካ እንስሳ ነው። ዋነኛ ገዳዩ ምን መሰላችሁ? ጥይት አይደለም። ከውሻ የሚጋባ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሌ ዌብ ሸለቆ ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ ገባ፤ ሸለቆው ውስጥ ከነበሩት ብዙዎቹን ጨረሰ። በ2008 ደግሞ ተመለሰ። ቀይ ቀበሮ በመንጋ ነው የሚኖረው፤ አንዱ ከያዘው ቤተሰቡ አለቀ ማለት ነው። ለዚህ ነው ተመራማሪዎቹ ቀበሮውን ብቻ ሳይሆን የአካባቢውን የእረኛ ውሾችም ሲከትቡ የኖሩት።

«የኔ ውሻ ተከትቧል» ልትል ነው። አውቃለሁ፣ ዳማም ተከትባለች። የውሻ ዲስቴምፐር የሚባል ሌላ በሽታም አለ፣ እሱም ባሌ ላይ ቀበሮ ገድሏል። እረኛው ውሻውን የሚወስደው ከብቱን ከጅብ የሚጠብቅለት ሌላ ስለሌለው ነው። አንተና እኔ የምንወስደው ፎቶ ለመነሳት ነው። ስሜን ስትሄድ ውሻህን እዚህ አስቀምጥ፤ እዚያ ስካውት የሚባል የፓርክ ጠባቂ ይሰጡሃል፣ ከውሻ የተሻለ ያወራል። እኔ ባለፈው ጥር ከአባቴ ጋር ሄጄ ነበር። ሳንቃበር ላይ ሆነን አባቴ ገደሉን ቁልቁል እያየ ዳማን ጠየቀኝ፤ አሁን ምን ትሠራ ይሆን ብሎ። አሜሪካ በዚያ ሰዓት ሌሊት ነው፣ ተኝታለች አልኩት።

የመጨረሻውን ጥያቄ የጠየቁት ከኋላ የተቀመጡ አንድ እናት ናቸው። ከንግግሩ ሁሉ የያዙት አንድ ነገር ነበር። «ልጄ፣ በሶው ለውሻ ይሆናል?»

ይሆናል፣ እናቴ። ገብስ አይጎዳትም፤ ጨው፣ ስኳርና በርበሬ ሳይገባበት በውሃ ብቻ፣ ትንሽ። ዳማ ግን አትወደውም። አባቴ ሦስቴ ሞክሯል፤ አሸተተችና ፊቷን አዞረች። እሱ ደግሞ ምን አለ መሰላችሁ፣ «ፈረስ ብትሆን ትበላው ነበር።»